ያናጋዋ፦ ከእማዬ ጋር በጌቶቹ ግቢ (የ3 ቀን ማስታወሻ)

ከመሄዳችን በፊት

እማዬ ጥምቀትን አዲስ አበባ አክብራ በሳምንቱ ጃፓን፣ ፉኩኦካ ገባች። እኔ እዚህ ማስተርሴን ስማር ሁለተኛ አመቴ ነው፣ እሷ ደግሞ በህይወቷ ከኢትዮጵያ የወጣችው አንዴ ኢየሩሳሌም ለመሳለም ብቻ ነው፣ እና ልጅ እያለሁ እኔን ለማስተማር ያሳለፈችውን ሳስበው በቃ አንድ ቀን እንኳን እንደ እመቤት አስቀምጬ ላስበላት ብዬ ወሰንኩ። ብር እየቆጠብኩ ቆየሁ። ቦታውንም መረጥኩ፣ ያናጋዋ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ ኦሃና የሚባል የድሮ መሳፍንት ግቢ ነው፣ አሁን ማደሪያም ምግብ ቤትም ሆኗል፣ ባለቤቶቹ ግን እነዛው መሳፍንት ናቸው፣ የታቺባና ቤተሰብ።

ስልክ ላይ ለእማዬ "ኦሃና ነው የምወስድሽ" ስላት "ሐና? የእመቤታችን እናት?" አለችኝ። ኧረ አይደለም፣ ሃና በነሱ አበባ ማለት ነው፣ ፊቱ ላይ ያለችው "ኦ" ደሞ የአክብሮት ናት ብዬ አስረዳኋት። ትንሽ ዝም አለችና "ለአበባ አንቱ ይላሉ ማለት ነው?" አለች። ይሄን ያህል አመት ጃፓንኛ ስማር እንደዛ አስቤው አላውቅም።

ችግሩ የመጣው ሪዘርቬሽን ላይ ነው። ሐሙስ ሞልቷል፣ ቅዳሜ ሰርግ አለ፣ ያለው አርብ ማታ ነው አሉኝ። አርብ! እማዬ አርብን አትሽርም፣ አሳም ቢሆን በጾም አትነካም፣ "ያባቶች ስርአት አይደለም" ነው መልሷ። እና የጃፓን ምግብ ለማያውቅ ሰው ልንገራችሁ፣ ስጋ የለውም ሲባል አትመኑ። ዳሺ የሚባል መረቅ አላቸው፣ ካትሱኦቡሺ ከሚባል የደረቀና የታጠነ አሳ ይሰራል፣ እንደ እንጨት ይጠነክርና እንደ ሽርክት ይፋቃል፣ ሾርባው ውስጥ ጎመኑ ውስጥ ቶፉው ላይ ምኑ ቅጡ የሌለበት የለም። ልክ ሽንኩርት ያልገባበት ወጥ ፈልግ እንደማለት ነው። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ሁዳዴ ሳላውቅ 3 ሳምንት ሙሉ አሳ ስጠጣ ከርሜአለሁ፣ ለንስሐ አባቴ በስልክ ስነግራቸው ሳቁብኝ።

ላብራቶሪ ውስጥ አብሮኝ የሚሰራ ጃፓናዊ ልጅ ደወለልኝ። ስጋ አትበላም፣ አሳ አትበላም፣ እንቁላል ወተት ቅቤ አትበላም፣ ዳሺውም ጭምር ብሎ ዘረዘረ፣ ከዛ ማዶ ያለችው ሴትዮ "አለርጂ ናቸው?" ስትለው ስልኩን ሸፍኖ ወደኔ ዞረ። "ለእግዚአብሔር ብላ ነው በላት" አልኩት። እንዴት ብሎ እንደነገራት አላውቅም፣ ብቻ ረጅም "ሃይ፣ ሃይ፣ ሃይ" (እሺ፣ እሺ ማለት ነው) ሰማሁና ይቻላል ተባለ፣ በባህር አረምና በደረቀ እንጉዳይ መረቅ ይሰራላቸዋል ተባለ። ለካ መነኮሳቶቻቸው የሚበሉት ሾጂን የሚባል የጾም አሰራር ስላላቸው ዘዴውን ያውቁታል። ለራሴ ግን፣ አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፣ የፍስኩን አዘዝኩ። ከዚ በኋላ መቼ ላገኘው ነው ብዬ።

ቀን 1፣ ሐሙስ

ከፉኩኦካ ቴንጂን ጣቢያ በኒሺቴትሱ ፈጣን ባቡር ወደ 50 ደቂቃ ነው። እማዬ ሻንጣዋን አትለቅም፣ ማንም አይሰርቅሽም እዚህ አገር ብላት "የማይሰርቅ አገር የለም" ብላ እጀታውን እጇ ላይ ጠምጥማ ተቀመጠች። ውስጡ 4 ኪሎ ቆሎ ነበር።

ያናጋዋ የውሃ ከተማ ናት። መንገድ የሚመስል ቦይ በየቤቱ ጓሮ ይዞራል፣ በከተማው ያለው ሁሉ ሲደመር 930 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ይላሉ፣ ከአዲስ አበባ መቀሌ ደርሶ የሚተርፍ ማለት ነው። አገሩ ከባህር የተቀማ ረግረግ ስለሆነ ውሃ ለመያዝም ለማፍሰስም ብለው የቆፈሩት ነው፣ በኋላ የግምቡም መከላከያ ሆነ። የሚገርመው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቦዩ ቆሻሻ ሞልቶት ሸቶ ማዘጋጃ ቤቱ ደፍኖ ኮንክሪት ሊያደርገው ወስኖ ነበር፣ የራሱ የማዘጋጃ ቤቱ አንድ የውሃ ሰራተኛ ነው አይሆንም ብሎ ተሟግቶ ህዝቡን ይዞ ያስጠረገው። አሁን በየአመቱ በየካቲት ውሃውን አጉድለው ይጠርጉታል።

ጀልባው ጠፍጣፋ ነው፣ ሞተር የለውም፣ ጀልባ ነጂው ኋላ ቆሞ በረጅም ቀርከሃ መሬቱን እየገፋ ነው የሚሄደው። ክረምታቸው ስለሆነ መሀል ላይ ኮታትሱ ተደርጓል፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ነው፣ ብርድ ልብስ ለብሶ ከስሩ እሳት አለው፣ እግርህን ከታች ታስገባለህ። እማዬ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ አርጋ እግሯን ሙቀቱ ውስጥ ከትታ "ይሄማ ደብረ ብርሃን ነበር የሚያስፈልገው" አለች። ነጂው 70 አመት የሚሆነው ሽማግሌ ነው፣ ድልድይ ስር ስንደርስ "ጭንቅላት!" ይላል፣ ሁላችንም እንደፋለን፣ ድልድዩ ስር ድምጽ ስለሚያስተጋባ ዘፈን ይዘፍናል። ዘፈኖቹ ብዙዎቹ የኪታሃራ ሃኩሹ ግጥሞች ናቸው፣ በ1885 የተወለደ፣ እዚሁ ከተማ ያደገ ገጣሚ ነው፣ ጃፓን ውስጥ ህጻን ሆኖ የሱን መዝሙር ያልዘመረ የለም ይባላል። እማዬ ቃሉ ባይገባትም በዜማው ራሷን እየነቀነቀች ነበር።

"ቤተ መንግስቱስ የታለ?" አለችኝ። ግንቡ በ1872 ተቃጠለ፣ ቦታው ላይ አሁን ትምህርት ቤት ነው ያለው። "እንደኛው" አለች፣ ሌላ አልጨመረችም።

ልንወርድ ስንቃረብ ከዳር ካሉት ቤቶች ጭስ መጣ፣ ጣፋጭ የሶያ ሶስ የተቀባ ነገር ፍም ላይ ሲጠበስ የሚሸተው አይነት፣ አንጀት ይበላል። ኡናጊ ነው አልኳት፣ የከተማው ዋና ምግብ፣ እንደ እባብ ረዘም ያለ አሳ። እማዬ ዞራ አየችኝ።

"ቅርፊት አለው?"

የለውም ማለት ይቻላል። ለአይን የሚታይ የለውም።

"አምባዛ ነዋ!" አለች፣ አበቃ። ዘሌዋውያን 11 ያናጋዋ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። እናላችሁ ሰው ከቶኪዮ ድረስ የሚመጣበትን ምግብ እናቴ በፍስክም በጾምም እንደማትበላው ጀልባ ላይ ሆኜ አወቅኩ።

ያደርነው ጣቢያው አጠገብ ባለ ትንሽ ሆቴል ነው፣ ኦሃና ማደሩ ለኪሴ ከበደ። ስለ ሆቴሉ የሚነገር ነገር የለም፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አልጋው ንጹህ ነው።

ቀን 2፣ አርብ

እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም ጠዋቱን ግቢውን በማየት አሳለፍነው።

መጀመሪያ የሚታየው ነጭ የፈረንጅ ቤት ነው፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ በ1910 የተሰራ፣ ከፊቱ ክብ መናፈሻ። ሰው ኪሞኖና ወረቀት በር ጠብቆ ሲመጣ ይሄን ሲያይ ግራ ይገባዋል፣ እማዬ "ይሄ የራስ እገሌን ቤት አይመስልም?" አለች፣ እውነትም ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ያሉትን ያረጁ የመኳንንት ቤቶች ያስታውሳል፣ ባለ በረንዳ፣ ባለ ትልቅ መስኮት። ዘመኑም ያው ነው፣ ሁለቱም አገር መኳንንቱ የአውሮፓ ወንበር ላይ መቀመጥ የጀመሩበት። የታቺባና ሰውዬ ያኔ ካውንት ነበሩ፣ ጃፓኖች በ1884 የድሮ መሳፍንቶቻቸውን እንደ አውሮፓ በማእረግ ደልድለው ነበር፣ እስከ 1947 ቆይቶ ነው ማእረጉ በህገ መንግስት የጠፋው። እዚ ላይ ለእማዬ የልጅ አርአያ አበበን ነገር አጫወትኳት፣ በ1931 ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ጋር ጃፓን መጥተው፣ በኋላ ኩሮዳ ማሳኮ የምትባል የአንድ ቪስካውንት ልጅ ሊያገቡ ታጭታ፣ በ1934 ነገሩ ሳይሳካ ቀረ። "ጾሙን እንዴት ታረገው ነበር ልጅቷ" ነው ያለችው።

ከነጩ ቤት ኋላ ስትሄድ ነው ሌላ አለም የሚከፈተው። 100 ታታሚ የሚነጠፍበት ትልቅ አዳራሽ አለ፣ ታታሚ ማለት ከሳር የተሰራ ወፍራም ምንጣፍ ነው፣ እነሱ ክፍልን የሚለኩት በካሬ ሳይሆን በሱ ነው፣ ምንጣፉ ሲነሳ ወለሉ ኖ የሚባለው የድሮ የጭምብል ቲያትራቸው መድረክ ይሆናል። በአዳራሹ ፊት ሾቶኤን የሚባለው የአትክልት ቦታ ነው። ኩሬ፣ ውስጡ ትንንሽ ደሴቶች፣ ወደ 280 ጥቁር ጥድ፣ ወደ 1,500 ድንጋይ። በሰሜን ያለውን ማትሱሺማ የሚባል የባህር ዳርቻ ነው ያስመሰሉት። እያንዳንዱ ጥድ በእጅ ነው የሚከረከመው። ኩሬው ላይ በብርድ ከሰሜን የሚመጡ የዱር ዳክዬዎች ነበሩ፣ ብዛታቸው ለጉድ ነው፣ እማዬ በረንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ዳክዬ ስታይ አንድ ሰዓት ሞላት፣ እኔ እዛ ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩትን ወርቅ ቅብ የጦር ቆቦች ፎቶ ሳነሳ።

የቤተሰቡን ታሪክ እዛው ነው ያጫወትኳት። ከታቺባናዎቹ የመጀመሪያው የያናጋዋ ጌታ ሙኔሺጌ የሚባል ጦረኛ ነው፣ በ1600 በሴኪጋሃራ ጦርነት ከተሸነፈው ወገን ሆኖ ርስቱን ተነጠቀ፣ ሰው እጅ እያየ ቆየ፣ ከዛ በ1620 ያናጋዋ ተመለሰለት። ከዛ ጦርነት በኋላ ተነጥቆ የድሮ ርስቱን እንደገና ያገኘ መስፍን እሱ ብቻ ነው ይላሉ። ግዛቱ ወደ 110 ሺ ኮኩ ነበር፣ አንድ ኮኩ አንድ ሰው አመት የሚበላው ሩዝ ነው፣ መሬት የሚለካው በሚያበላው ሰው ቁጥር ነበር ማለት ነው። እማዬን ግን የያዛት ሚስትየዋ ናት፣ ጊንቺዮ። አባቷ ወንድ ልጅ ስላልነበረው በ1575 በ7 አመቷ የቤቱ ወራሽ አርጎ ምሽጉን አስረከባት። "በሰባት አመቷ!" አለች እማዬ፣ "እኔ በሰባት አመቴ ጥጃ ነበር የምጠብቀው።"

አሁን ያለንበት ግቢ የመጣው በኋላ ነው፣ በ1738 አምስተኛው ጌታ ከግንቡ ወጣ ብሎ ለቤተሰቡ መኖሪያ ሰራ፣ ሰፈሩ የአበባ እርሻ ይባል ስለነበር ህዝቡ ቤቱን አሳጥሮ ኦሃና አለው። ከሁለተኛው የአለም ጦርነት በኋላ ማእረጉም ሄደ፣ እርሻውም በመሬት ላራሹ ሄደ (እነሱም ጋ መሬት ላራሹ ነበር፣ አሜሪካኖቹ ናቸው ያስደረጉት)፣ ግብሩ ደሞ ለሀብታም እስከ 90 ፐርሰንት ይደርስ ነበር። ያኔ ነው 16ኛው ትውልድ፣ ባልና ሚስት፣ በ1950 በሩን ከፍተው ምግብ ቤትና ማደሪያ ያደረጉት። አሁን የምትመራው የ18ኛው ትውልድ ሴት ልጅ ናት።

እማዬ ይሄ አልዋጥ አላት። "ጌቶቹ ራሳቸው? እንግዳ ተቀብለው ሳህን አነሱ?" ትላለች። እሷ ያደገችው አንድ ደጃዝማች ግቢ አጥር ስር ነው፣ አባቷ እዛ ነበር የሚሰራው፣ በ67 (በኛ አቆጣጠር) ቤቱ ሲወረስ እመቤቲቱ በአንድ ሻንጣ ሲወጡ በአይኗ አይታለች፣ ከዛ ቤቱ ቀበሌ ሆነ፣ ከዛ መጋዘን፣ አሁን ግማሹ ፈርሶ ግማሹ ቆርቆሮ ታጥሮበታል። "ምግብ ቤት አርጉት የሚላቸውም አልነበረም" አለች፣ "ቢሏቸውስ፣ ደጃዝማች እገሌ ለኔ አባት ወጥ ሊያወጡለት!" ብላ ሳቀች፣ ከዛ ሳቋን አቋረጠች። ዳክዬዎቹ ባንዴ ተነስተው ዞረው መልሰው አረፉ።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ (በኛ አቆጣጠር ነው፣ ጃፓኖች ስድስት የሚሉት) ለእራት ተመለስን። ጫማ ወለቀ። ኪሞኖ የለበሰች፣ እድሜዋ ከእማዬ የማያንስ ሴት፣ መሬት ድረስ አጎንብሳ ተቀበለችን፣ በኮሪደር አዙራ አዙራ የአትክልቱን ቦታ የሚያይ ትንሽ እልፍኝ አገባችን። እዛ ነው ጦርነቱ የተነሳው። ቶኮኖማ የሚባል ከፍ ያለ ጥግ አለ፣ የተሰቀለ ስዕልና አንድ አበባ የሚቀመጥበት፣ ከሱ ፊት ያለው የክብር ቦታ ነው። አስተናጋጇ እማዬን ወደዛ ስታመለክታት እማዬ ደሞ በሩ ስር ቁጭ ልትል። "ኧረ እኔ እዚ ይበቃኛል፣ ኧረ በእመቤቴ!" አስተናጋጇ በጃፓንኛ "እባክዎ፣ እባክዎ"፣ እማዬ በአማርኛ "አይገባም፣ አይገባም"፣ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም ግን ምን እየተባባሉ እንደሆነ አንድም ያመለጣቸው ነገር አልነበረም። እኔን አስተርጉም ያለኝም የለም። ሶስት ዙር ሄዶ እማዬ ተሸነፈች።

አቡነ ዘበሰማያት ልትል ስትነሳ ሴትየዋ ትሪዋን መሬት አስቀምጣ በሩ ጋ ተንበርክካ እስክትጨርስ ጠበቀች።

አሁን ስለ ምግቡ። ካይሴኪ ይባላል፣ ብዙ ትንንሽ ምግብ በየተራ የሚመጣበት፣ ተራውም እንዲሁ አይደለም፣ መቅመሻ፣ ሾርባ፣ ጥሬ፣ ጥብስ፣ ቅቅል፣ በዘይት የተጠበሰ፣ መጨረሻ ላይ ሩዝ። ቃሉ ሁለት አጻጻፍ አለው፣ አንዱ የግብዣ ማዕድ ማለት ነው፣ ሌላው የሻይ ስርአቱ ደግሞ "የእቅፍ ድንጋይ" ማለት ነው፣ ድሮ መነኮሳት ረሃቡን ለማስታገስ ድንጋይ አሙቀው ደረታቸው ላይ ያቅፉ ነበር ከሚለው የመጣ። ይሄን ለእማዬ ስነግራት አይኗ በራ። እስከዛ ድረስ ቤቱ የጌቶች ነበር፣ ከዛ በኋላ የመነኮሳት ሆነላት፣ ተመቻችታ ተቀመጠች። እና እግሯን ስር አጥፋ አንድ ሰዓት ተኩል ምንም ሳትነቃነቅ፣ እኔ በ20 ደቂቃ እግሬ ሞቶ እንደ እንጨት ሲሆን።

መጀመሪያ የመጣላት ነጭ፣ እንደ ገንፎ የረጋ፣ አራት ማዕዘን ነገር ነው፣ ላዩ ላይ ትንሽ ዋሳቢ፣ የሚያቃጥለው አረንጓዴ ቅመማቸው። አሸተተችው። "ሰሊጥ!" አለች። ልክ ናት፣ ሰሊጥ ወቅጠው ኩዙ ከሚባል የስር ዱቄት ጋር እያማሰሉ የሚያረጉት ነው፣ ለረጅም ሰዓት ነው የሚማሰለው፣ እጅ ከቆመ ይጓጉላል። "ገንፎ የሚያገነፋ ሰው አላቸው" ብላ ፈረደች። ከዛ ሾርባ በክዳን ጥቁር ጎድጓዳ እንጨት መጣ፣ ክዳኑ በእንፋሎት ተጣብቆ እምቢ አለኝ፣ ስታገል አስተናጋጇ ጎኑን በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጋ አሳየችኝ፣ ፍስ አለና ተከፈተ። የእማዬ ውስጥ ኮምቡ የሚባለው የባህር አረም መረቅ፣ አንድ እንጉዳይ፣ አንድ የዩዙ ልጣጭ። ዩዙ እንደ ሎሚ ነው ግን ሽታው እንደ ናርዶስ ነው፣ ሌላ አገላለጽ አላገኘሁም። እማዬ ክዳኑን ከፍታ ሳትጠጣው ሽታውን ብቻ ስትስብ ቆየች።

ከዛ የኔ ጥሬ አሳ መጣ።

እንዴት እንዳፈርኩ። እሷ ፊት የሶያ ወተት ሲፈላ ከላይ የሚይዘው ቆዳ (ዩባ ይባላል) ተጠቅልሎ፣ እኔ ፊት አሳ፣ አርብ ማታ፣ ስዕሉ ስር። አየችው። አየችኝ። "ብላ እንጂ" አለች፣ "ተማሪ ነህ፣ ይፈቀድልሃል።" ይሄ እኮ ስድብ ነው፣ እናቴን ለማያውቅ። ከዛ ግን ጎንበስ ብላ በደንብ አየችውና "እኛም ቁርጥ እንበላ የለ፣ ምን ያስደንቃል" አለች፣ እኔም በላሁ፣ ጣፋጭ ነበር፣ እዛው አሪያኬ ባህር ላይ የተያዘ ነው አሉኝ። ያ ባህር ለብቻው ታሪክ አለው፣ ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ እስከ 6 ሜትር ይደርሳል፣ ሲጎድል ጭቃው እስከ አድማስ ይታያል፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ አሳ አለው፣ ጭቃ ላይ የሚዘል ሁሉ አለ። ደግነቱ እሱን አላመጡትም።

ሌላውን ሁሉ አልዘረዝርም፣ ስሙንም ረስቼዋለሁ። ሁለቱን ብቻ። አንዱ የእማዬ ዳይኮን ነው፣ ነጭ ትልቅ ስር ነው፣ እንደ ክብ ጠረጴዛ ወፍራም ተቆርጦ በኮምቡ ውሃ እስኪላላ ተቀቅሎ ላዩ ላይ ሚሶ (ከአኩሪ አተር የሚብላላ ሊጥ መሳይ ነገር) ብቻ። ከኔ ሁሉ ምግብ የሷ እሱ ይበልጥ ነበር፣ አቀመሰችኝ፣ በቾፕስቲክ አይደለም በእጇ፣ ጉርሻ፣ አስተናጋጇ እያየች። ሴትየዋ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፣ ደነገጠችም መሰለኝ። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ከሩዙ ጋር የመጣው ታካና የሚባል የጎመን አይነት ጨው ውስጥ የቆየ ነው፣ እማዬ እሱን ስትቀምስ "ይሄ ጎመን እንጀራ ቢያገኝ" አለች። ለጣፋጭ የፉኩኦካ እንጆሪ፣ አማኦ ይባላል፣ ቀይ፣ ክብ፣ ትልቅ፣ ጣፋጭ ከሚሉት አራት ቃላት የመጀመሪያ ፊደል ተወስዶ የወጣለት ስም ነው።

በምግቡ ሁሉ መሀል ግን እማዬን የረበሻት አንድ ነገር ነበር፣ ሴትየዋ በገባች በወጣች ቁጥር መንበርከኳ። ተንበርክካ በሩን በእጇ ትንሽ ትከፍታለች፣ ከዛ ሰፋ ታረገዋለች፣ ትሪዋን ታስገባለች፣ እሷም በጉልበቷ ትገባለች፣ ዞራ ተንበርክካ ትዘጋለች። ለእያንዳንዱ ሳህን። "ተይ እንጂ እህቴ፣ ጉልበትሽን" ትላታለች እማዬ በአማርኛ። ሩዙ ሲመጣ አልቻለችም፣ ተነስታ ትሪውን ልትቀበላት ሄደች፣ ሁለቱም ወለሉ ላይ ትሪ ይዘው ተፋጠጡ። "ይሄ ስራዋ ነው እማዬ፣ ክብሯ ነው" አልኳት። "አውቃለሁ፣ አባቴም አሳላፊ ነበር" አለችኝ። ሰላሳ አመት ሙሉ እናቴን አውቃታለሁ፣ አያቴ ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊ እንደነበር የሰማሁት ያናጋዋ ነው። ዘበኛ ነበር የሚመስለኝ።

ልንወጣ ስንል ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለ ቆሎ አውጥታ ለሴትየዋ ሰጠቻት። ገብስና ሽምብራ፣ ሱፍ ያለበት። ሴትየዋ በሁለት እጇ ተቀብላ ግንባሯ ድረስ ከፍ አደረገችው። በር ላይ ቆማ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ስታጎነብስ እማዬም ዞራ ስታጎነብስ ታክሲ ያዝን።

ቀን 3፣ ቅዳሜ

ጠዋት የገጣሚው የሃኩሹ ያደገበት ቤት ሄድን፣ ቤተሰቡ ሳኬ (የሩዝ መጠጥ) ጠማቂ ነበር፣ ጥሩ ነው፣ 30 ደቂቃ ይበቃል።

ምሳ እኔ ኡናጊውን ሳልበላ አልሄድም አልኩ። የያናጋዋው ከሌላው ይለያል፣ ሴይሮ ሙሺ ይባላል፣ ሩዙን በሶሱ ለውሰው የተጠበሰውን አሳ ላዩ አርገው በእንጨት ሳጥን እንደገና በእንፋሎት ያበስሉታል፣ ላዩ ላይ እንደ ክር የተቆረጠ እንቁላል ይበተናል። ከ1681 ጀምሮ እሱን እሰራለሁ የሚል ቤት ከተማው ውስጥ አለ። የኛው ሌላ ነው፣ ትንሽዬ ቤት። ውድ ነው፣ አሳው እየጠፋ ነው፣ በ2014 ሊጠፉ ከተቃረቡ ፍጥረታት ዝርዝር ገብቷል፣ ይሄን የማውቅ ሰው መብላቴም አንድ ነገር ነው፣ በላሁ። ሩዙ ስር ድረስ ቡናማ ነው፣ ሳጥኑ እስከ መጨረሻው እንደሞቀ ነው። እማዬ የእንቁላል ጥቅልል በሻይ እየበላች፣ ሳጥኔን እንደ እባብ ጉድጓድ እያየችው፣ አንዴ "ሽታውስ ግሩም ነው፣ አይካድም" አለች።

ወደ ጣቢያ ስንሄድ በኦሃና በር በኩል እንለፍ ያለችው እሷ ናት። ዳክዬዎቹን ልሰናበት ብላ። ትኬት ሳንገዛ በር ላይ ቆመን በሩቅ ስናይ የትናንትናዋ ሴትዮ በስራ ልብስ ከጎን በር ወጣች፣ አየችን፣ እጇን አንስታ ቆዩ አለችና ወደ ውስጥ እየሮጠች ገባች። ስትመለስ በሃምራዊ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛለች። ቆሎውን ቤቷ ወስዳ ከባሏ ጋር ቢራ እየጠጡ እንደጨረሱት ነገረችን፣ ጥርሱን አስቸግሮታል ግን አልተወም አለች። እማዬ ሲተረጎምላት በሳቅ ሞተች። "የሰው እቃ ባዶ አይመለስም፣ እነሱም ያውቃሉ" አለችኝ።

ባቡር ላይ ቋጠሮውን ፈታችው። ኖሪ ነው፣ ሱሺ የሚጠቀለልበት ጥቁር ስስ የባህር አረም፣ የአሪያኬ ባህር በሱ የታወቀ ነው፣ ከጀልባው የታዩት ሱቆች ሁሉ ይሸጡታል።

"ለጾም ይሆናል?" አለችኝ። ሁዳዴ ሊገባ ሳምንታት ነው የቀሩት።

ቆይ ልየው አልኳት፣ ከሁዳዴዬ በኋላ ጀርባ ሳላነብ ምንም አልውጥም፣ ቅመም የገባበት ኖሪ ላይ የአሳ መረቅ ይጨምራሉ። ስልኬን አውጥቼ ጥቃቅኑን ጽሁፍ ፎቶ አንስቼ አነበብኩ። የተጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ኖሪ፣ ሌላ ምንም የለውም። ቀና ስል እሷ ሁለተኛውን ቅጠል ጨርሳ ጣቷ ላይ የቀረውን ጥቁር ፍርፋሪ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር።